የሜትሩ ጫፍ

ከቁጣዋ ጥፊዋ ለሚቀድም፣ ከጥፊዋ ደግሞ ጉርሻዋ ለሚብስ እናቴ፣ ለወይዘሮ ዓይናዲስ፤

እንደምን ሰነበትሽ እማዬ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ጭስ የሚያስለቅሰው ዓይንሽስ? ጭሱ ስለቀረ ዓይኔ ዳነ እንዳትይኝ፤ በዚህ ነገር መቀለድ የተፈቀደው ለእኔ ብቻ ነው። ያቺ ዓሣ እየሰረቀች የወፈረችው ድመትሽስ ከሳች? ጥርስሽን ተነቀልሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ሐኪሙን መርቀሽ ተመለስሽ? እኔ በጣም ደህና ነኝ። ምግብ በብስክሌት አደርሳለሁ። እስካሁን ድንች ጎደለ ብሎ የከሰሰኝ ደንበኛ የለም። አልጎደለም ማለቴ አይደለም፤ የደረሰብኝ የለም ማለቴ ነው።

ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ ስታለቅሺ ቀልዴ ስለሚጠፋብኝ ነው። እህቴ እድላዊት ጮክ ብላ ታንብብልሽ። ፊደል ከሳትኩም ታርመው፤ እኔ ካቋረጥኩበት ክፍል ሁለት አልፋ የለ፣ አንድ ቀን እንኳ ይጥቀማት።

እማዬ፣ የማዘጋጃ ቤቱ ለኪዎች የመጡ ዕለት ትዝ ይልሻል። መብራት ሊያስገቡልሽ መስሎሽ “ግቡ ልጆቼ” አልሻቸው። እማማ ይቺን ጫፍ ይያዙልን ሲሉሽ ቀሚስሽን ሰብስበሽ ሐይቁ ውስጥ ገባሽና የሜትሩን ጫፍ ያዝሽላቸው። ሲጨርሱም ቆሮሶ ዓሣ ጠብሰሽ አበላሻቸው፤ ሎሚ ጨምሪልን አሉ አሉ። በሳምንቱ ዶዘር መጣ። ከውሃው ሃምሳ ሜትር ሳይርቁ መሥራት ክልክል ነው ተባለና ዓሣ ቤትሽ እስከ ምርጊቱ ሄደ። ይሁን፣ ሕግ ነው እንበል። ታዲያ አጠገብሽ ያለው የዚያ የባለ ቁምጣው ፈረንጅ ሪዞርት እግሩን ውሃ ውስጥ ነክሮ ተኝቶ የለም እንዴ? እሱ ደጃፍ ሲደርሱ ሜትራቸው ኪሳቸው ገባ።

አሁን ጆሮሽን ስጪኝ። ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ለንደን ፊንስበሪ ፓርክ አንድ አዳራሽ ውስጥ የሐበሻ የሰርግ ባዛር ነበር። ምግብ አድርሼ ልወጣ ስል ግድግዳ የሚያክል ፎቶ አየሁ። አልጋ፣ ከአልጋው አጠገብ ሾላ፣ ከሾላው ሥር ውሃ። ሾላው የእኛ ነው! ቦታሽን ጠቅልሎታል ማለት ነው። የመጥበሻሽ ጭስ ያጠቆረው ጎኑ ላይ የመብራት ዶቃ ጠምጥመውበታል። ከፎቶው ሥር ማን ቆሟል? ቁምጣው። ለንደን ስለሆነ ሱሪ ለብሷል እንጂ ራሱ ነው። አገር ቤት ገብተው መዳር ለሚፈልጉ ሐበሾች አልጋውን ይሸጣል።

በዕለቱ የመኪናውን ጎማ ላስተነፍስበት አሰብኩ፤ መኪናው የትኛው እንደሆነ አላውቅም። ስለዚህ ሃርልስደን ሰፈር፣ እዚህ እንደ እናት የሚሆኑኝ እትዬ ብፅዓት ጋ ሮጥኩ። እትዬ ብፅዓት ዕቃ ሲያጣጥሉ ባለ ሱቁ የገዛ ሽንኩርቱን ይጠላል። የማንን ቤት እንዳፈረሱ ስነግራቸው ነጠላቸውን አነሱና “ነገ የሙሽራዋ እናት እኔ ነኝ፤ አንተ ዝም ብለህ ሙሽራ ምሰል” አሉኝ። ስልክ የሚጠግነው ጓደኛዬ አክረም ሚዜ ሆነ። ሚዜ ደግሞ ይቀርጻል፤ ማን ይጠረጥራል?

እሑድ ገባን። እትዬ ፎቶውን ከላይ እስከ ታች አዩና ከንፈራቸውን መጠጡ። ውሃው ሩቅ ነው፣ ልጄን የምድረው ሐይቅ በመነጽር እያየሁ ነው እንዴ አሉት። ቁምጣው ደነገጠ። ኧረ እናቴ፣ ከአልጋዎ ሲወርዱ እግርዎ ውሃ ላይ ነው አለ፣ እኛው ሐይቅ ዳር በለመደው አማርኛ። አይመስለኝም አሉ እትዬ። ክረምት ሲሆን እኮ ውሃው አልጋው ሥር ይገባል ብሎ ማለ። እሳቸው ባጣጣሉ ቁጥር እሱ አልጋውን ወደ ሐይቁ ይገፋል። ትንሽ ቢቆዩ ዓሣ ላይ ያስተኛቸው ነበር።

ከዚያ እትዬ፣ ነገ ሕግ አለ ብለው በሰርጌ ዕለት ቢያፈርሱብኝስ አሉት። ሳቀ። እማዬ፣ ከልቡ ሳቀ። ያ ሕግ ለጎጆዎቹ ነው፤ አጠገባችን ዓሣ የምትጠብስ አንዲት ሴትዮ ነበረች፣ ለእንግዶቻችን ዕይታ ስትል አስነሳናት አለ። ዓሣዋስ ይጣፍጥ ነበር ወይ ቢሉት፣ በጣም! አሁን ልንቀጥራት ነው፣ የባህል ልብስ አልብሰን እንግዳ ፊት ትጠብሳለች አለ።

አንቺ ካላለቀስሽ በቀር ቀልድ አልቆብኝ አያውቅም፤ ያን ጊዜ አለቀብኝ። እትዬ ክርኔን ቆነጠጡኝና “እንግዲህ ልጄን ለሌላ እድራለሁ” ብለው አወጡኝ።

ማታውኑ ቪዲዮውን ቲክቶክ ላይ ለቀቅነው። የቀረውን እናንተ ከእኔ በፊት ታውቁታላችሁ። እድላዊት እንደነገረችኝ የከተማው ሰው ሁሉ “አልጋው ሥር ይገባል” እያለ ይሳለቃል፤ ለኪዎቹም አፍረው ከመስቀል በኋላ ሁሉንም እኩል እንለካለን ብለዋል። ቁምጣው ደግሞ ሰው ልኮብሽ፣ በፈቃዴ ነው የለቀቅሁት ብለሽ ካሜራ ፊት ተናገሪ፣ ሥራውም ያንቺ ነው እያለ ነው አሉ። አንቺም ምን ላድርግ ብለሽ እሺ ልትዪ ነው አሉ።

እማዬ፣ በሞቴ እሺ አትበዪ! ተቸግረሽ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን የራስሽን ዓሣ በራስሽ ሾላ ሥር ለእሱ እንግዳ የባህል ልብስ ለብሰሽ ልትጠብሺ? ይቅር በለው ትዪኛለሽ። እሺ፣ ግን ዶዘሩ እሱም ጋ ከደረሰ በኋላ። እኔ ፍትሕ ምናምን የሚሉትን አልተማርኩም። የምፈልገው ያ ሰውዬ ቁምጣውን ለብሶ ሐይቁ ዳር ቆሞ፣ አልጋው ሲነቀል እንዲያይ ነው። ከዚያ ጉማሬው መጥቶ ቢጎበኘው አልጠላም።

ወደ አገር ቤት በምትመጣው በብሩክታዊት እጅ ሜትር ልኬልሻለሁ፤ የእነሱ ድንገት ቢጠፋ ብዬ ነው። ሃምሳ ሜትር ስንት እንደሆነ ለማየት እዚህ መንገድ ዳር ስዘረጋው አንድ ሽማግሌ የማዘጋጃ ቤት ሰው መስያቸው ቆሻሻ ለምን አልተነሳም ብለው ጮኹብኝ። ይቅርታ ጠይቄ ነገ ይነሳል አልኳቸው።

ለእድላዊት ሰላም በያት፣ አንብባ ስትጨርስ አታልቅስ። ጎረቤታችንን ጋሼ ሳህሉን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፣ ለኪዎቹ ሲመጡ ከዘራቸውን ይዘው ይቁሙ። ጀልበኛውን አህመዲንን በውሃው በኩል ሆኖ እንዲቀርጽ ንገሪልኝ። ለድመቷም፣ ለሾላውም ሰላምታዬ ይድረስ።

አንቺ ግን የተለካሽ ዕለት እንዳደረግሽው ቀሚስሽን ሰብስበሽ ሐይቁ ውስጥ ግቢና የሜትሩን ጫፍ ያዢ። እስከ አልጋው ይጎትቱት። እና እማዬ፣ በዚህኛው ቀን አንድ ዓሣ እንኳ እንዳትጠብሺላቸው።

አስቸጋሪው ልጅሽ ሰይፈሥላሴ
ለንደን፣ ፊንስበሪ ፓርክ
መስከረም 9 ቀን 2018 ዓ.ም.