ከቁስቋም በታች ያለችው አነር

ጥቅምት 9፣ ጠዋት
ፊቴን እየታጠብኩ ነበር። በሩ ተንኳኳ። የዕድር ሰዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። አፋቸውን ሳይከፍቱ አወቅሁ። ልጄ ደምሴ፣ ሰሜን፣ ጦር ሜዳ። ለእነሱም የነገራቸው ቀበሌ ነው። አስከሬን የለም። የት እንደተቀበረም አይታወቅም። ሳሙናው ፊቴ ላይ ደረቀ። ማስታወሻዬ፣ ዛሬ ሌላ አልጽፍም።

ጥቅምት 14፣ ሊመሽ ሲል
ለቀስተኛው ቀለል አለ። የነፍስ አባቴ አባ ተክሌ መጡ። ፍትሐት እንዲደረግለት ስመ ክርስትናውን ጠየቁኝ። ክርስትና የተነሣው እናቴ አገር ነው፣ እሳቸው አያውቁትም። አልሰጠኋቸውም። ሳላየው ሙት አልለውም።
ጓሮ ወጥቼ ተቀመጥኩ። ከአጥሩ ማዶ፣ ከረጅሙ ሣር ውስጥ አነር ቆማለች። እግሯ ረጅም፣ ጆሮዋ ትልቅ፣ ገላዋ ነጠብጣብ። ዓይኗን ከድና በጆሮዋ ብቻ ሣሩን ታዳምጣለች። ከዚያ ብድግ! አየር ላይ የቆየች መሰለኝ። ስትወርድ አይጥ ይዛለች። በእንቅልፌ ያየሁት ይሆን?

ጥቅምት 20፣ ጠዋት፣ ጉም
እናት ናት! ሁለት ልጆች አሏት። ጉሙ ውስጥ ብቅ ይላሉ፣ ይጠፋሉ። ነጠብጣባቸው ብቻ የሚንሳፈፍ ይመስላል። አይጥ ከነነፍሷ ታመጣና ትለቅላቸዋለች፣ አደን እንዲማሩ። ቂሎቹን ታመልጣቸዋለች። ሳቅሁ። የራሴን ሳቅ ሰምቼ ደነገጥኩ።
ደምሴ ጫማ ማሰር እስኪለምድ ያለቀሰው ለቅሶ። ሰሞኑን ሳስበው ሁልጊዜ ሕፃን ነው። ወታደር ሆኖ አይመጣልኝም።

ጥቅምት 27፣ ማታ
ሣር አጫጆች ወጡ። የጎረቤቴ የእትዬ በላይነሽ ባል አንደኛውን የአነር ልጅ ሣር ውስጥ አገኘው። ለአይጥ ይሆነናል ብሎ ቤቱ ወሰደው። እናትየው የታጨደው ላይ ወዲያ ወዲህ ትላለች። ትጠራዋለች። ቀጭን ድምፅ፣ ማቆሚያ የሌለው።
ሄጄ ለመንኩ። እትዬ በላይነሽ ሳቁብኝ።
«አንቺ ደግሞ፣ ለአውሬ ጠበቃ ቆምሽ? ዶሮዬን ስትበላ የት ነበርሽ!»
ከዚያ ፊቴን አዩ። ነገ ጠዋት ውሰጂው አሉኝ።

ጥቅምት 28
ስደርስ ሞቷል። የላም ወተት ሰጥተውት ነበር፣ አልተስማማውም መሰለኝ። «እኔን! እኔን ይድፋኝ» እያሉ እትዬ በላይነሽ አለቀሱ። በጨርቅ ጠቅልዬ ተሸከምኩት። ያልታጨደው ሣር ዳር አስቀምጬ ጨርቁን ፈታሁለት።
ፀሐይ ስትጠልቅ እናቱ መጣች። አሸተተችው። ከጆሮው እስከ ጭራው ላሰችው። በአፍንጫዋ ገፋ ገፋ አደረገችው። አጠገቡ ተጋደመች። ቆየች። ተነሣች። ከዚያ በኋላ አልተጣራችም። የቀረላትን ልጅ አስከትላ ወደ ጥሻው ወጣች።
ቀናሁባት። ማስታወሻዬ፣ በአውሬ ቀናሁ።

ኅዳር 3፣ ጠዋት
ሕልም። ሣሩ ከእኔ ይረዝማል። ደምሴ ውስጡ ይሄዳል፣ እኔ የሚነቃነቀውን የሣሩን ጫፍ ብቻ አያለሁ። ልጠራው እላለሁ፣ ድምፄ አይወጣም። ፍርሃት ግን የለውም ሕልሙ። ለስላሳ ነው።
አባ ተክሌን በቁስቋም ደጀ ሰላም አገኘኋቸው። አልተቆጡኝም።
«ልጄ፣ አስከሬኑ ስላልመጣ ነፍሱ ያልሄደች መሰለሽ? በር ላይ አቆምሻት እኮ» አሉኝ።
ቀኑን ሙሉ ይህን ቃላቸውን ሳመላልስ ዋልኩ።

ኅዳር 6፣ ቁስቋም
ከቅዳሴ በኋላ አባ ተክሌ ዘንድ ሄድኩ። ስመ ክርስትናውን ሰጠኋቸው። ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። አባ ስሙን ደግመው ደጋግመው አሉት፣ እንዳይረሱት። ከሰው አፍ ስሰማው ክርስትና ከተነሣ ወዲህ የመጀመሪያዬ መሰለኝ። ፍትሐቱ በእሑድ ይሁን ብለናል።
ማስታወሻዬን የምትገልጡ ሁሉ፣ ስትጸልዩለት ደምሴ አትበሉ። ወልደ ማርያም በሉ። ነፍሱን ይማር በሉ። ቆማችሁ የምታነቡበት መቃብር የለውም፣ እዚሁ በተቀመጣችሁበት በሉለት።