ለቀለም የተደበቀች ጭብጥ ገብስ

ሰኔ ፪፣ ቅዳሜ ጠዋት

ለቀለም የማሳርረውን ገብስ ስዘግን አስካለ ደረሰች። ከእጄ ነጠቀችኝ። ባለቤቴ ናት፤ ለቄስም ለጸሐፊም አታዳላም። ቀለም የሚጠጣ ልጅ የለኝም አለችኝ። ልክ ናት። ግን ገብስ አርሮ ከጥቀርሻ ጋር ካልተፈጨ ቀለም አይሆን። አንዲት ጭብጥ ብቻ ደበቅሁ። ላንተ ብዬ ነው፣ ቁራጩ ብራና። ከመጻሕፍት ጠርዝ ተቆርጠህ የኔን ወሬ የምትሸከም አንተ ብቻ ነህ።

ቤት ያለው እህል አንድ ስልቻ ገብስ ነው። የዘር። በሬ የለም። የከብቱ በሽታ ከጫጫ እስከዚህ እስከ አንኮበር ጠርጎ ወሰደው። የኔ በሬዎች አለቁ። የጎረቤቴ የአያ ደስታ ሁለት በሬዎች፣ ቦራ እና ዳለቻም፣ ተከታትለው ሞቱ። የአስካለ ወንድም ከደብረ ብርሃን መልእክት ልኮብናል። ወደ ቆላ ሊወርድ ነው፤ በሚካኤል ማግስት በደጃችን ያልፋል፤ ስልቻችሁን ይዛችሁ ተከተሉኝ ይላል።

እንግዲህ ዘሩን እየበሉ መሄድ ነው፣ ወይም ዘርቶ መቆየት። ያለ በሬ እንዴት እንደሚዘራ ግን የነገረኝ የለም።

ሰኔ ፫፣ እሑድ። ጰራቅሊጦስ።

ዛሬ ለሕዝቡ አትፍሩ ብዬ አስተማርኩ። ድምፄ ጥሩ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ ግን ልጆቼን አየሁና ፈራሁ። ክንዳቸው ቀጥኗል። ለሰው የማልናገረውን ላንተ ጻፍኩት፤ አታውራብኝ።

ሰኔ ፬፣ ሰኞ

ጾመ ሐዋርያት ገባ። እኛ ቤት ግን ቀደም ብሎ ገብቷል።

ከፋሲካ ወዲህ ስግደት አልነበረም፤ ዛሬ ተጀመረ። ከኪዳን በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሰገድኩ። ግንባሬ ጭቃ ይዞ ተነሣ። ደግሜ ሰገድኩ። ጣቶቼ መሬት ውስጥ ገቡ። ርሷል። ለስልሷል። እግ/ር የድርሻውን ሠርቶ ጨርሷል፤ እኔ ነኝ በሬ የምጠብቀው! ሳቄ መጣ፤ እዚያው ተንበርክኬ ሳቅሁ። ዲያቆኑ ቄሱ አበደ ሳይል አልቀረም።

ለግንባር የለሰለሰ መሬት ለመቆፈሪያም አይከፋም። ጭቃውን ሳልጠርግ ቤት ገባሁ። ለአስካለ በእጃችን ቆፍረን እንዘራለን አልኳት። ግንባሬን አየችኝ። የስልቻውን አፍ ፈትታ ዘሩን ታበጥር ጀመር፤ እምቢታ አይደለም። ልቤ ከትናንቱ በጣም ይሻላል።

ሰኔ ፮፣ ረቡዕ

ለብቻ ቆፍሮ የትም አይደረስ። አያ ደስታ ዘንድ ሄድኩ። ከአገሩ እሱን የሚያህል አራሽ የለም። እሱ ከቆፈረ ሁሉም ይቆፍራል።

እምቢ አለ። በኛ አገር መቆፈሪያ ለጌሾና ለጎመን ጓሮ ነው። የገብስ ማሳ በመቆፈሪያ የነካ ወንድ ዘር ማንዘሩ ይሳቅበታል። ቀንበሩን ጭኑ ላይ አጋድሞ በነጠላው እየወለወለ መለሰልኝ፦

«እኔ በሬ ጠምጄ ያረስኩ ሰው ነኝ፣ አባ። እንደ ፍልፈል መሬት አልጭርም።»

አዘንኩለት። ተናደድኩበትም። ሁለቱንም ይዤ ወጣሁ።

ሰኔ ፲፪፣ ማክሰኞ። ሚካኤል። ማታ።

የማኅበሩ ጽዋ የኔ ተራ ነበር። የቄስ ቤት ማኅበርተኛ በባዶ ሲቀበል! አፍሬ ከስልቻው ጥቂት እንፍጭ ብዬ ጀምሬ ነበር። አስካለ ሚካኤል ዘር አይበላም ብላ አፌን አስያዘችኝ። ጽዋው ውሃ ተሞላ። ጸለይን። ማንም ቅር አላለውም፤ የሁሉም ቤት አንድ ነው።

ጽዋው ወደ ቀጣዩ ተረኛ ሊሻገር ሲል ተነሣሁ።

«ጽዋው እንደ ወትሮው ይዙር። ዘንድሮ ግን ማሳውም አብሮ ይዙር። ነገ ሁላችሁም መቆፈሪያ ይዛችሁ እኔ ጋ ኑ። ከነገ ወዲያ ዛሬ ጽዋውን ከኔ ወደሚቀበለው ሰው ማሳ እንገባለን።»

ሁሉም ዓይኑን ወደ ተረኛው መለሰ። ተረኛው አያ ደስታ ነው። ጽዋውን አልቀበልም ቢል ሚካኤልን እምቢ ማለት ይሆንበታል። ተቀበለ። በነጠላው ሸፈነው። ማንንም ሳይሰናበት ወጣ። ፊቱ አላማረኝም። እኔ ግን የዘራሁትን ቃል አልለቅምም።

ሰኔ ፲፫፣ ረቡዕ። ፀሐይ ስትገባ።

በጠዋት የአስካለ ወንድም ደረሰ። አንሄድም አልኩት። እንደ እብድ አየኝ፤ ከዚያ አቅፎ ሳመኝ። አስካለ እስከ ቁልቁለቱ ሸኘችው። ዓይኗ ቀልቶ ተመለሰች፤ መቆፈሪያውን ግን ከኔ በፊት አነሣች።

በስመ አብ ብዬ እኔ ጀመርኩ። የብዕር እጅ ነው፤ ወዲያው ውሃ ቋጠረ። መንገደኛ ቆሞ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። አንድ ማኅበርተኛ መጣ። ሌላ መጣ። እኩለ ቀን ሳይሆን ማሳው ሰው በሰው ሆነ። ካንዱ በቀር።

ከቀትር በኋላ እሱም መጣ። አያ ደስታ ማረሻውን ከእርፉ ነቅሎ እንጨት አስገብቶበታል፤ መቆፈሪያ አድርጎታል። ድንበሩ ላይ ጥቂት ቆመ።

«የቦራና የዳለቻ ብረት ነው» አለኝ። «መሬት ያውቃል።»

አጠገቤ ገብቶ መታው። አለቀስኩ። ላብ ነው አልኩ፤ ማንም አላመነኝም።

አስካለ ዘሩን በተነች። ስልቻው ባዶውን ታጠፈ። ፊቷን ሳታዞር እጇን ዘረጋችልኝ። «ለቀለም የደበቋትንም ያምጡ።» ለካ ከመጀመሪያው ታውቃለች። ሰጠኋት። አፈር አለበሰቻት።

ቀንዱ ውስጥ የቀረውን ቀለም በውሃ አቅጥኜ ነው የምጽፍልህ። ፊደሉ ገርጥቷል፤ ጣቴም ብዕር አልጨብጥ ብሏል። ግድ የለም። ነገ የአያ ደስታ ማሳ ነው፤ ቀድሜው እወጣለሁ። ቀለሙ ሊያልቅ ነው። ደጅ ዝናብ ጀመረ። እየሰማሁት ነው፤ በቀስታ፣ ልክ በማሳው ላይ