ሁለት ቀን የቀራቸው ጫጩቶች

ሐዋሳ ላለኸው ለልጄ ለአመዩ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ሥራስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የደንዲ ዘመዶችም ጤፋቸውን ሰብስበው ጨርሰዋል።

ወንድምህ ኢብሳ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ገብቷል። የራሳችሁን ሥራ ፍጠሩ የሚል ትምህርት ከተማሩ ወዲህ ዕረፍት የለውም። የተበላሸውን ፍሪጃችንን አምፖል ገጥሞበት እንቁላል ማስፈልፈያ አደረገው። «እማዬ፣ ተመርቄ የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆሜ አላረጅም» ይለኝ ነበር።

ማክሰኞ አባትህ ከቢሮ ሲመጣ ኢብሳን ፈተና ትቶ እንቁላሎቹን ሲያገላብጥ አገኘው። «ዶሮ ጠባቂ እንድትሆን ነው እዚህ ያደረስኩህ?» አለና መጥረቢያ አንስቶ ፍሪጁን ከነእንቁላሉ ፈለጠው። ጫጩቶቹ ሊፈለፈሉ ሁለት ቀን ነበር የቀራቸው። ደም ለብሰው ወለሉ ላይ ሲንፈራገጡ እኔው ጠረግኋቸው። ኢብሳ የአባቱን አንገት አንቆ ከግድግዳ አጋጨው። ጎረቤታችን ኦቦ ለሜሳ ናቸው ገብተው ያላቀቋቸው።

 አሁን አባትህ አንገቱን በሻርፕ ሸፍኖ ቢሮ ይሄዳል። ኢብሳም ያዘዝኩትን ሁሉ ይሠራል፤ ድምፁን ግን አያሰማም። መጥረቢያውን ለኦቦ ለሜሳ ሰጥቻቸው ነበር፤ ትናንት ኢብሳ አዲስ ገዝቶ መጣ። እንጨት ልፈልጥልሽ ነው አለኝ። በኤሌክትሪክ ማብሰል ከጀመርን ሁለት ዓመታችን ነው።

ለገና እመጣለሁ ያልከውን ለዚህ ቅዳሜ አድርገው። አልጋህን ሳሎን፣ በአባትህና በኢብሳ ክፍል መካከል አንጥፌልሃለሁ።

ሰላም ያግባህ።
እናትህ ደብሪቱ፣ ከአምቦ