ያኔ ያነበብሽልኝ ደብዳቤ

ለልጅነት ጓደኛዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ያ የወገብሽ ነገር ተሻለሽ? ባለቤትሽስ? ዓይኑ ደክሞ ጋዜጣውን እንኳ አንቺ ነሽ የምታነቢለት ሲሉ ሰምቼ አዘንኩ። እኔ ደህና ነኝ። ከሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ጡረታ ወጣሁ፤ እጄ ግን ዛሬም ሳሙና ሳሙና ይሸታል።

ይሄ የማን ጽሕፈት ነው ብለሽ ግራ እንዳይገባሽ፣ የራሴ ነው። አትሳቂ! በዚህ ዕድሜዬ ሁለት ዓመት ሙሉ ወንበር ላይ ተኮልኩዬ ፊደል ቆጠርኩ።

አስተማሪዬ በቅርቡ አንድ ወፍራም ታሪካዊ ልብ ወለድ አዋሰችኝ። በጦርነት ዘመን ስለነበሩ ወጣቶች ነው፤ ስለ እኛ በይው። ጣቴን እያስከተልኩ ወር ፈጀብኝ። እዚያ ውስጥ እንደ እኔ ማንበብ የማትችል ልጅ አለች። ፍቅረኛዋ ከግንባር ይጽፍላታል፣ ጓደኛዋ ታነብላታለች። የምታነብላት ግን ያልተጻፈውን ነው። እዚህ ስደርስ መጽሐፉን ዘጋሁት። አንቺ ሴትዮ፣ ልብ ወለድ እኮ ነው፣ የሰው ሚስት በልብ ወለድ ትጠረጠራለች እንዴ ብዬ ራሴን ተቆጣሁ።

አልለቅ አለኝ። ያኔ ፍቅረኛዬ የነበረው እሱ ከግንባር የላከልኝን ደብዳቤ እናንተ ደጃፍ ቁጭ ብለን ስታነቢልኝ ትዝ ይልሻል? አትጠብቂኝ፣ ሌላ አግቢ ይላል፣ በቃ ይኸው ነው አልሽኝ። እንባዬን በቀሚስሽ ጠረግሽልኝ። መልሱንም የጻፍሽልኝ አንቺ ነሽ፤ ምን ብለሽ እንደጻፍሽ እንጃ። ሲመለስ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። በዓመቱ ተጋባችሁ፤ እኔም ሰርጋችሁ ላይ ሳህን ሳጥብ ዋልኩ።

ደብዳቤው አለ፣ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ። የሚለውን አውቃለሁ ብዬ ማንበብ ከቻልኩ ወዲህም ዞር ብዬ አላየሁትም ነበር። አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው። እንደታጠፈ እንኳ ቀለሙ በሁለቱም በኩል ጢም ብሎ ያስታውቃል። አትጠብቂኝ ለማለት ይሄ ሁሉ ቀለም? በስመአብ! ጥርጣሬዬን ከንቱ ያድርግልኝ። ልከፍተው ነው።

ከፈትኩት። ሦስቴ አነበብኩት።

እንግዲህ ወገብሽን ይማርልሽ፣ ልጆችሽንም ይባርክልሽ። ይህን ደብዳቤ ለባለቤትሽ አንብቢለት። አደራ፣ አንዲት ቃል እንዳትዘይ።

«ጠብቂኝ» የተባለችው
የልጅነት ጓደኛሽ