የማልልክልዎት የቃጫ ጨርቅ

ለውድ አባቴ ለአቶ ሔሩይ፤

እንደምን ሰነበቱልኝ? እግርዎ ማታ ማታ ያስተኛዎታል? የእማዬስ ወገብ ተሻላት? እኔ የመቐለ ነፋስ ጸጉሬን ከማመሳቀሉ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። በስልክ ጆሮዎ ያስቸግርዎታል፤ እማዬም መልእክቴን እንደሚመቻት አድርጋ ነው የምታደርሰው። ስለዚህ ጻፍሁ።

የስኳሩ ቁስል ከአውራ ጣትዎ አልፎ ወደ ውስጥ እግርዎ መውረዱን ወንድሜ ደመላሽ ነግሮኛል። እርስዎ ግን ልጄ የምትሠራው የቁስል ጨርቅ እስኪመጣ ሐኪም ቤት አልሄድም ብለዋል አሉ። መኩራትዎ ደስ ይለኛል፤ ግን ይስሙኝ።

ጨርቁ የሚሠራው እርስዎ ገመድ ከሚሠሩበት ከዚያው ቃጫ ነው። ቀቅለን ነጩን ብቻ እናስቀርና ጀርም ከሚገድል ኬሚካል ጋር እናዋሕደዋለን። ከዚያ አሟሙተን በመርፌ ጫፍ ስናወጣው ኃይለኛ ኤሌክትሪክ ይስበውና ከሸረሪት ድር የቀጠነ ክር ይሆናል። ክሩ ሲደራረብ ስስ ጨርቅ ይወጣዋል።

ባለፈው ወር ስንሞክረው የጀርሙን ድራሽ አጠፋው። አብራኝ የምትሠራው ፍሬወይኒ እልል አለች፤ ለደመላሽ ደውዬ ያስፈነደቅኋችሁም ያን ቀን ነው። በማግስቱ ግን ለማነጻጸሪያ የያዝነው፣ ምንም መድኃኒት የሌለው ጨርቅም ጀርም ገድሎ ተገኘ። ለካ የቤተ ሙከራ ክፍላችንን የሚያጸዱልን እማማ ኣስካል ከሙከራው በፊት ጨርቆቹ ገርጥተው ቢያዩ አዝነውልን፣ ለፋሲካ ነጠላ እንደሚያነጡት ሁሉንም በበረኪና ዘፍዝፈው አስጥተውልናል። በዓል መጥቶ እንዲህ ይቀመጣል ወይ፣ ጓለይ፣ አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ጀርሙን የፈጀው በረኪናው ነበር።

እንደገና ሠርተን ሞከርነው። አንዱን ዓይነት ጀርም ይገድላል፤ ሌላውን ግን አይነካውም። በሰው ገላ ላይ ደግሞ ገና አልተሞከረም፤ ያ ዓመታት ይፈጃል። ፍሬወይኒ አባትሽ አይደሉም ወይ፣ ቁራጭ ብትልኪላቸው ምን ይጎዳል ብላኛለች። አባቴ ስለሆኑ ነው የማልልከው። እሱን አስረው ተሻለኝ ሲሉ ቁስሉ ውስጥ ውስጡን አጥንት ይደርሳል።

ዓይደር ሆስፒታል አንዲት ሐኪም አማክሬያለሁ። ቶሎ ከመጡ እግርዎ ሊተርፍ ይችላል፤ ከዘገዩ ግን ለሕይወትዎም ያሰጋል ብላኛለች።

የእማዬን ጉልበት ስሜያለሁ። እህቴን ማሂን ለፈተናዋ በርቺ በሉልኝ። ወንድሜ ደመላሽን ሰላም እያልሁ፣ ሐሙስ በመጀመሪያው አውቶብስ ከቆቦ ይዞዎት ይምጣ፤ እንቢ ካሉም ተሸክሞ። መናኸሪያ ቆሜ እጠብቃለሁ። ጣቴን ይቆርጡኛል ብለው እንደሚፈሩ አውቃለሁ። ከቆረጡም ይቁረጡ፣ አባባ። እኔ የምፈልገው እርስዎን ነው።

ልጅዎ የኔአለም
መቐለ፣ ሚያዝያ 15 ቀን 2010 ዓ.ም.