አርባ ሁለት ትንፋሽ

ልጄ ሔለን፣

መድኃኔ ዓለም በጥላው ይከልልሽ፤ በምትሠሪበት ቤት ሞገስ ይስጥሽ። እኛ ደህና ነን። ሰበታ ዝናቡ አላባራም፣ የጓዳው ግድግዳ ሻግቷል። ጎረቤታችን ኦቦ ገመዳ ሰላም ብለውሻል።

ሰባተኛ ክፍልን ስለ ሳንባ ሳስተምር የቤት ሥራ ሰጠሁ። ከቤታችሁ አንድ ሰው በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚተነፍስ ቆጥራችሁ አምጡ አልኳቸው። በእረፍት ላይ ያለ ትልቅ ሰው ከአሥራ ሁለት እስከ ሃያ ጊዜ ነው የሚተነፍሰው። ጣቢታ የምትባል ተማሪዬ የአባቷን አርባ ሁለት ብላ መጣች። ቀይ ኤክስ አድርጌ ደግመሽ ቁጠሪ አልኳት። በማግስቱ "ቲቸር፣ አርባ አምስት ሆነ" አለችኝ። ሳትቆጥር የጻፈች መሰለኝና ክፍሉ ፊት ተቆጣኋት።

ዓርብ ዕለት አባቷ ሞቱ። ዕድሜያቸውን ሙሉ እብነ በረድ ሲቆርጡ የኖሩ ሰው ናቸው፤ አቧራው ሳንባቸውን ጨርሶት ነበር። ለቅሶ ስሄድ ጣቢታ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። "ቲቸር፣ እኔ እኮ በደንብ ነው የቆጠርኩት" አለችኝ።

ባለፈው ስንደዋወል ትንፋሽ እያጠረሽ ነበር የምታወሪው። በረኪናው ነው ብለሽ አለፍሽው፣ እኔም ወሬ ቀየርኩ። ስታጸጂ መስኮት ክፈቺ፣ አፍንጫሽን ሸፍኚ።

እመ ብርሃን በሰላም ወደ ደጄ ትመልስሽ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። አረፍ ስትይ አንድ ደቂቃ ቁጠሪና ላኪልኝ። ስንትም ቢሆን አምንሻለሁ።

እናትሽ ማሪቱ