ቢጫው ሰውዬና የእናቱ ሻንጣ

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን
ጥቅምት 17 ቀን 2018 ዓ.ም

ለወንድሜ ለኸባብ፣

አሰላሙ ዓለይኩም፣ የእናቴ ልጅ። የጅዳ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? የኛ ድሬ እንኳን ጥቅምት ሲገባ ትንሽ ነፍስ ዘርታለች፤ ማታ ማታ በረንዳ ላይ ያስቀምጣል። ይህን ደብዳቤ የሚሰጥህ የሰፈራችን ልጅ ሳላሕ ነው፤ ለዑምራ ሲነሳ ለምኜ ነው ያስያዝኩት። "ብትደውዪ ምን ነበረበት?" እንደምትል አውቃለሁ። ደውዬ "አባባ" ስል ትዘጋብኛለሃ! ወረቀት አይዘጋም። ብትቀደው ደግሞ ሳላሕ ሌላ ኮፒ ይዟል፤ እኔን ታውቀኛለህ።

ሳላዞር ልንገርህ፤ የምለምንህ ነገር አለ። አባባን አፉ በለው፤ ይቅር በለው። እያነበብክ ሳለ ልብህ እሺ ካለህ እዚያው በል፤ እስኪያልቅ አትጠብቅ። ደሞ በተራ አንብብ። ሳላሕን "መጨረሻው ምንድን ነው?" ብለህ አትጠይቀው፤ እንዳይነግርህ አስምዬዋለሁ። አጠገብህ ግን አስቀምጠው።

ቢጫውን ታስታውሰዋለህ አይደል? ያ ቢጫ ካባ ለብሶ ከፎቅ ፎቅ የሚበረው ሰውዬ። መጀመሪያ ያወቅነው በሥዕል ነበር። እማ ከጅቡቲ በባቡር ስትመጣ ሽቶዎቿን በፈረንሳይ የሥዕል መጽሔት ትጠቀልል ነበር። የጉምሩክ ፊናንሶቹ ዕቃዋን ሲበረብሩ እሷ ስለ ሽቶው ስትለማመጥ እኛ ስለ መጽሔቱ ዱዓ እናደርግ ነበር። ማንበብ ስለማንችል ታሪኩን አንተ ነበርክ የምትፈጥረው፤ ቢጫውም ሁሌ የሚያድነው የኛን ሰፈር ነበር። ከዚያ አንድ ቀን በሥዕል የምናውቀው ሰውዬ እውነተኛ ሰው ሆኖ በቪዲዮ ካሴት መጣ። የላከችው እማ ናት። ካሴቱ በሌላ ነጋዴ እጅ ደረሰ፤ እሷ ቀረች። አባባ "ሥራ በዝቶባት ነው፤ ትመጣለች" አለን። ያኔ እኔ ዘጠኝ፣ አንተ ሰባት ዓመትህ።

የአባባን ቪዲዮ ቤት ለልጄ ለሑዳ ሳወራላት አታምነኝም። "ፊልም እየታየ ሰው ቆሞ ያወራል?" ትለኛለች። አዎ፣ ይተረጉማል! ከዴኩ ጎን ቆሞ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ "አሁን ይሄ ሌባ ምን ይላል መሰላችሁ…" እያለ። ፈረንሳይኛው የገበያ ፈረንሳይኛ ነበር፤ ያልገባውን ከራሱ ይሞላል። በርጫ ላይ የተቀመጡት ሰዎች ደግሞ መች ይምሩታል? "ዓዋሌ፣ ቀደድክ!" እያሉ ቤቱን በሳቅ ያናጉታል። ከሁሉ የባሰው የምድር ባቡሩ ጋሽ ክፍሉ ነበር። ፈረንሳይኛውን አጥርቶ ስለሚያውቅ አንዲት ቃል አያሳልፍለትም።

ይኸው ነሐሴ ላይ፣ ስለ ቢጫው ሳወራ ሰልችቷት መሰለኝ፣ ሑዳ ፊልሙን ኢንተርኔት ላይ ፈልጋ አመጣችልኝ። ከታች እንግሊዝኛ ይጽፋል፤ እሷ እያነበበችልኝ አብረን አየነው። አቦ፣ ምን ልበልህ! ሰውዬው ሲበር ገመዱ ይታያል። ካባው የመጋረጃ ጨርቅ ነው፤ እኔን ጨርቅ ነጋዴዋን ማን ያታልላል? ፈርተን አንሶላ ውስጥ የተደበቅንለት ጭራቅ ጀርባው ላይ ዚፕ አለው። ሑዳ ሆዷን ይዛ ሳቀች። "አጎቴ ከጣሪያ ዘሎ እጁን የሰበረው ለዚህ ነው?" ስትል እኔም እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ።

ከዚያ ያቺ ቦታ ደረሰች፤ ሰውዬው ልጅ ሳለ የሆነውን ሲያስታውስ። እናትየዋ አልጋ ላይ ናት፣ ልጁ እጇን ይዟል። አፌ በራሱ ጊዜ "ደክሟት ነው የተኛችው፤ ነገ በባቡር ትሄዳለች" አለ። ሑዳ ፊልሙን አቁማ አየችኝ።

"እማ፣ ምን ነካሽ? ሞታለች እኮ።"

"አልሞተችም። ቆይ፣ አሁን ሊሸኟት ይመጣሉ።"

መጡ። ጥቁር የለበሱ ሰዎች፣ ዝናብ፣ ጃንጥላ፣ ረጅም ሣጥን። "ይኸው ሻንጣዋ" ልል ብዬ አፌን በእጄ ያዝኩ።

የአባባን ትርጉም እንዳልረሳኸው አውቃለሁ። "ይሄ ባቡር ጣቢያ ነው። ሰዎቹ ሊሸኟት ነው የመጡት። ያ ሻንጣዋ ነው።" አንተ ከፊት ወንበር ላይ ሆነህ "ሻንጣ እንዲህ ይተልቃል እንዴ?" ብለህ ጮህክ። አባባም "ነጋዴ ናታ! ስትመለስ ሞልታው ነው የምትመጣው" አለህ። ፊልሙን እስከ መጨረሻው፣ ልጁ አድጎ የሚበረው እናቱን ፍለጋ ነው ብለን አየነው። ከዚያ ወዲያ የጅቡቲ ባቡር በገባ ቁጥር ጣቢያ እንሮጥ ነበር፤ አንተ ቢጫ ፎጣ ትከሻህ ላይ አስረህ።

ካሴቱ በደረሰ በሳምንቱ፣ አባባ ገና ሳያጫውተው፣ እማ እዚያው ጅቡቲ በወባ ሞታ ተቀብራ ነበር። ይሄን አሁን ሁለታችንም እናውቀዋለን። ሳይገባኝ የኖረው፣ ኸባቤ፣ ሌላ ነገር ነው። ያን ፊልም አባባ ስንት ጊዜ አሳየው? ሰው እየደጋገመ ይጠይቀው ነበር። እዚያች ቦታ ላይ ሲደርስ ግን "ቀደድክ" ያለው ሰው ትዝ ይልሃል? እኔ አንድም ትዝ አይለኝም። ያ ሁሉ አፈኛ ዝም ይል ነበር። እማን የማያውቃት አልነበረም፤ መሞቷንም ሁሉም ሰምቷል። ከዚያ ቤት ያልሰማን እኔና አንተ ብቻ ነበርን። ዋላሂ፣ ይሄ ሲገባኝ ሑዳ ፊት ጮኼ አለቀስኩ።

ጋሽ ክፍሉ አባባን ሊጠይቅ ሲመጣ ያዝኩት። አርጅቷል፤ በባጃጅ ነው የሚመጣው፤ ምላሱ ግን ያው ነው። "የኔ ልጅ፣ አባትሽ ካሴቱን ለብቻው ነው መጀመሪያ ያየው" አለኝ። "ያቺ ቦታ ላይ ሲደርስ አቁሞ እኔን አስጠራኝ። የሚሉትን ሁሉ ነገርኩት። 'አታሳያቸው' አልኩት። 'እናታቸው የላከችላቸው ነው፤ እንዴት አላሳያቸው?' አለ። 'እንግዲያውስ እውነቱን ንገራቸው' ስለው 'ይሄ ክረምት ይለፍ' አለኝ። ክረምቱ አለፈ፤ ሌላም ክረምት አለፈ። እኔ ምን ላድርግ? እናንተ ከፊት ተደርድራችሁ ስትስቁ 'አዎ፣ የጅቡቲው ባቡር ነው' ብዬ አገዝኩት።"

ልክ ነበር አልልህም። ልክ አልነበረም። አንተ እስከ አሥራ አምስት ዓመትህ ድረስ በየዒዱ ለእማ ከረሜላ ስታስቀምጥ እያየ እንዴት አስቻለው? ኳስ ሜዳ ላይ አንድ ባለጌ ልጅ "እናትህ ከተቀበረች ስንት ዓመቷ" ብሎህ፣ አፍንጫህ እየደማ ቪዲዮ ቤቱ ገብተህ፣ ሰው ሁሉ እያየ "ውሸታም!" ያልከው ቀን፣ እኔም ካንተ ጋር ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ "ሰውዬው" እንጂ "አባባ" ብለኸው አታውቅም። እሱ ደግሞ ማታውኑ ዴኩን ሸጠው። ሰው ፊት ቆሞ መተርጎም አልቻለም። ይሄን ሳትሰማ ነው ከቤት የወጣኸው፤ ልንገርህ ብል መች ትሰማኛለህ?

በዓረፋ ሰሞን ስትሮክ መትቶት ቀኝ ጎኑ እንደተያዘ በስልክ ነግሬህ ነበር። "አላህ ያሽረው" ብለህ ዘጋህ። እሷን ቃል ወስጄ ለአባባ ነገርኩት። ደስ እንዲለው "እመጣለሁም ብሏል" ብዬ ጨመርኩበት። ይኸውልህ፣ ቀደዳ በዘር ነው።

ፊልሙን ለሱም አሳየሁት። ሑዳ ትልቁ ቴሌቪዥን ላይ ሰካችው፤ እኔ ከጀርባው ደግፌው ተቀመጥኩ። ምላሱ ተሳስሮ ስለነበር ከኛ በቀር ሰው አይሰማውም። ሙዚቃው ሲጀምር ግን ግራ እጁን አንስቶ ጉሮሮውን ጠረገ። እናትየዋ አልጋው ላይ ስትታይ "ደክሟት… ነው" አለ። ሑዳ ልጅ ናት፤ አላስተዋለችም። "አባባ ዓዋሌ፣ አልደከማትም፤ ሞታለች እኮ" አለችው። በዚያች ደህና እጁ ክንዷን ጨምድዶ ያዛት።

"ዝም በይ" አላት። "ልጆቹ ይሰማሉ።"

ከዚያ ዞሮ እኔን "ኸባብ የታል?" አለኝ። "ከፊት ተቀምጧል፣ አባባ" አልኩት። ምን ልበለው? እሱ ግን እያየኝ አለቀሰ። እንደገባው አወቅሁ፤ ጭንቅላቱ ጤነኛ ነበር። "ፊቱን ማየት አልቻልኩም" አለኝ። "እናቱን ስል የሚያየኝን አስተያየት። አንድ ቀን ልንገረው ብዬ ስነሳ ፊቱን አይና እቀመጣለሁ። ስትደውዪለት ፈሪ ነበርኩ ብሏል በዪው። ውሸታም አይደለሁም በዪው፤ ፈሪ ነኝ።" ይሄን ለማለት ስንት ጊዜ እንደፈጀበት ብታይ ልብህ ይሰበር ነበር። አፉን በጨርቅ እየጠረግሁለት ነው የሰማሁት።

እንግዲህ ያን ቃል አድርሻለሁ። አሁን እባክህ አንዴ አንገትህን ቀና አድርገህ፣ ከልብህ ከሆነ፣ የምትለውን በለው። ከዚያ ቀጥል።

ኸባቤ፣ እዚህ ሁሉም በአንድ ቃል ተነስተውብኝ ነበር። ጎረቤታችን ናዲፋ "በሰው አገር ብቻውን ነው፤ ታሟል ብቻ በዪው፤ ሲመጣ ይሰማል" አለችኝ። ሽማግሌዎቹም "የሩቅ ሰው በወረቀት አይረዳም፣ ነውር ነው" አሉ። ደግነታቸው ነው፤ ልማዳችን ነው። እኔ ግን አሻፈረኝ አልኩ። ባንተ ላይ ይሄ ሁለተኛ አይደረግም።

አባባ ባለፈው ረቡዕ ከፈጅር በኋላ ሞተ። በሌላ ቃል አልነግርህም። እጁ እጄ ውስጥ ነበር፤ ሸሃዳውን ብሏል፤ ዙህር ሳይደርስ ቀበሩት። ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን።

ከላይ ያልጻፍኩልህ ልሸፍንብህ ፈልጌ አይደለም። የሞተ ሰውን ማንም አፉ ይላል። አንተ ግን ይቅርታህን በሕይወት ላለ አባትህ እንድትሰጠው ፈለግሁ፤ እሱ አጥቷታል፣ አንተ እንኳን እንዳታጣት። ይህን ወረቀት ከከፈትክ ጀምሮ እዚህ እስክትደርስ ድረስ አባባ ላንተ አልሞተም ነበር። በዚህ መሃል አንዴ እንኳን ልብህ ራርቶለት ከሆነ፣ የራራኸው ለሕያው አባትህ ነው። ካልራራህም አልቀየምህም፤ እኔ ያለኝን ጊዜ ሰጥቼሃለሁ።

አሁን ሳላሕ ትከሻ ላይ አልቅስ፤ አትፈር። አላህ ሶብሩን ይስጥህ፣ በሰው አገር ክፉ አይይህ፣ አንተን ለኔ ያቆይልኝ።

እህትህ፣
ፋርቱን ዓዋሌ